የቶኩጂ መረብ

«ክቡራን የኡራሃማ ነዋሪዎች! ከዛሬ ጀምሮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየማችን የጃንጥላ ማስቀመጫ አገልግሎት መስጠት መጀመሩን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን!»

የከተማው ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። ያም ሆኖ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የመጡት አሥራ አንድ አዛውንት ሁሉም ጃንጥላ ይዘዋል፤ ማስታወቂያ ተነግሮ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ጃንጥላቸውን በተራ ሰክተው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ሃማኤ ከሁሉም ኋላ ነበረች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። የመጣችው ለጥበብ አይደለም፤ መረቧን ልታይ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የባሏን የቶኩጂን መረብ ስትጠግን ኖራለች። እሱ ሲሞት ለማኅበሩ ሰጠችው፤ ማኅበሩ ደግሞ ለሙዚየሙ። ዛሬ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሏል። ከሥሩ «ሸክም፦ የአስጋሪው ቶኩጂ መረብ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ቀና ብላ አየችው። መረቡን ወደ ታች የሚስቡት የእርሳስ ክብደቶች ጣሪያው ሥር ተደርድረዋል። ተንሳፋፊዎቹ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። መረብ ሲጣል ተንሳፋፊው ከላይ፣ እርሳሱ ከታች እንደሚሆን ኡራሃማ ውስጥ ድመት እንኳ ያውቃል።

«ተገልብጧል» አለች።

የባሏ እህት ኪኩኤ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ዝም በይ አንቺ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዓሣም አይገባም።»

ከቶኪዮ የመጣው ወጣት የሙዚየም ባለሙያ፣ ኒካይዶ፣ ሰምቶ ቀረብ አለ። እጅ ነሣና «እናቴ፣ በዘመናዊ ጥበብ ላይና ታች የሚባል ነገር የለም» አላት። «እዚህ ክብደቱ ወደ ሰማይ ወጥቷል። የሰው ልጅ ሸክም ማለት ነው።»

«ለካስ!» አለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢሶዛኪ፤ ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው።

«ለካስ!» አለ ከጎኑ ያለው። «ለካስ» አዳራሹን ዞሮ ኪኩኤ ጋ ደረሰ፤ እሷም ሳታሳድር አስተላለፈችው። ሃማኤ ብቻ አልተቀበለችም።

«ጋሽ ኢሶዛኪ፣ እርስዎ መረብ እንዲህ ጥለው ያውቃሉ?»

«ይሄ እኮ ጥበብ ነው፣ እትዬ ሃማኤ» አለ ቀና ሳይል።

«ቶኩጂ እንዲህ ቢጥለው ኖሮ ልጆቼ አየር በልተው ባደጉ ነበር። ስሙ ከሥሩ ተጽፏል። ያየ ሁሉ፣ መረብ መጣል የማያውቅ ሰው ነበር ይላል።»

ጎንበስ ብላ ተንሳፋፊዎቹን ልትይዝ ስትል ኒካይዶ በትሕትና «እባክዎ አይንኩ» የሚለውን ሰሌዳ አሳያት። እጇን ሰበሰበች።

ከዚያ ኒካይዶ፣ ጉብኝቱ ያለ ፎቶ እንዳይቀር፣ ሁሉንም መረቡ ፊት አሰለፋቸው። ካሜራው ፎቶውን ወዲያው የሚተፋ ዓይነት ነው። ምስሉ ሲወጣለት በሁለት እጁ ለሊቀ መንበሩ አቀረበ።

ኢሶዛኪ ተቀበለው። አየው። ልብ ሳይል ገልብጦ ያዘው።

«አሁን አማረ!» አለ።

ኒካይዶ የሽማግሌ ዓይን ነው ብሎ አሰበ። ፎቶውን በቀስታ አቅንቶ ለኪኩኤ ሰጣት። ኪኩኤም ገለበጠችው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ሰዎቹ እኮ ተዘቀዘቁ።»

«መረቡ ግን ቀና» አለች ኪኩኤ፣ አፏን ሳትይዘው አምልጧት።

ከሃማኤ በቀር አሥሩም አዛውንት የእግራቸውን ጫፍ መመርመር ጀመሩ። ኒካይዶ ፎቶውን ተቀብሎ እሱም ቀስ ብሎ ገለበጠው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ለካስ» አለ።

ከዚያ «አይንኩ» የሚለውን ሰሌዳ አነሣ፤ ብብቱ ሥር ሸጎጠና መሰላል ሊያመጣ ሄደ። ሃማኤ ቦርሳዋን ለኪኩኤ አሸክማ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ጋሽ ኢሶዛኪ» አለች፣ «እርስዎ በእርሳሱ በኩል።»