ከሳሎን የወጣ ድልድይ

ሰሊማ መንታ ስትወልድ ጅማ ከተማ በመሐንዲስነት ትሠራበት የነበረውን የማማከር ቢሮ ለቀቀች። በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ግን አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ባሏ አኒስ ጌም ቤቱን ሲዘጋ ያስቀረው ነው። ልጆቹ መዳህ ሲጀምሩ የዲዛይን ሶፍትዌር ጫነችበትና ሥራ እንደምትቀበል ለሚያውቋት ሁሉ ነገረች።

መጀመሪያ የመጡት አጋሮ አጠገብ ቡና ማጠቢያ ያላቸው ሐጂ ሙሀጅር ናቸው። ለቀማ ሲጀመር በማጠቢያው አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ገና ስለማይጎድል፣ እሸት ቡና የተሸከመው ሰው ሁሉ ሩቅ ዞሮ ነው የሚመጣው። ሐጂ በኬብል የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ፈለጉ።

ዲዛይኑ ላይ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መፈረም ስላለበት ሰሊማ ወደ ቀድሞ አለቃዋ ወደ ኢንጂነር ወልደሰማያት ሄደች። ሰውየው ክፉ አይደለም። ስሌቷን በቢሮው ወርክስቴሽን አመሳክሮ ሊያይላት ተስማማ፤ ሐሳቡን ግን አልደበቃትም።

«ጌም ሲጫወቱበት በከረመ ኮምፒውተር ሰው የሚሻገርበት ድልድይ አይሰላም» አላት።

ሰሊማ ተሰናብታው ወጣች። ቤቷ ገብታ ሙሉውን ድልድይ ስታስገባ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ሞላና ቀጥ አለ። ደጋግማ ብትሞክርም ያው ነው። በመጨረሻ ድልድዩን መሃል ላይ ከፍላ ግማሹን ብቻ አሰላች። ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ የአንዱ ውጤት ለሌላውም ይሆናል። የወዲያኛውን ዳርቻ ግን፣ ወንዙ ሞልቶ ዙሪያውም ሩቅ ስለነበር፣ ተሻግራ አላየችውም።

የቢሮው ውጤት ከእሷ ጋር አልገጠመም። በወርክስቴሽኑ ስሌት ድልድዩ ሰው ሲበዛበት እሷ ካገኘችው በጣም ዝቅ ይላል። ወልደሰማያት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ነግሬሽ ነበር አላት። ሰሊማ ፊቷ ጋለ። ቢሆንም ተነሥታ አልሄደችም፤ ቢሮው ያስገባውን ቁጥር ሁሉ እንዲያሳያት ጠየቀች። አንድ በአንድ ሲያስተያዩ ልዩነቱ የተገኘው በወዲያኛው ዳርቻ ላይ ነው። እሷ ድንጋይ ነው ብላ ነበር፤ ቢሮው ግን ያልተመረመረን አፈር ሁልጊዜ ልል ነው ብሎ ይነሣል።

«ስሌቱን ኮምፒውተሬ አልተሳሳተም» አለች። «ግማሹን ብቻ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተሻግሬ አይቼ ሙሉውን ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ውኃው ጎደል ሲል ከሐጂ ጋር ተሻገረች። ወዲህ ድንጋይ ነው፤ ወዲያ አፈሩን ለመፈተሽ የተከሉት ብረት ግን ቀዩ አፈር ውስጥ ያለ ብዙ ድካም ሰመጠ። ኬብሉ የሚታሰርበት የኮንክሪት ብሎክ እዚያ ላይ ቢቀመጥ ይንሸራተት ነበር። ሐጂ መደንገጧን ሲያዩ «ጀባዱ ልጄ፣ በርቺ፤ እንኳን አሁን ታወቀ» አሏት።

አኒስ ገንዘብ ተበድረን ትልቅ ኮምፒውተር እንግዛ ቢላት እምቢ አለች። መጀመሪያ የራሷን አሠራር ማስተካከል ፈለገች። እያንዳንዱን የወለል ሳንቃ ለየብቻ ማስገባቷን ትታ ክብደታቸውን ብቻ ያዘች፤ ኬብሉንና ምሰሶዎቹን በቀላል መስመር ሳለች። ለወዲያኛው ዳርቻም ሰፊና ከባድ ብሎክ አደረገች። ከዚያ ኮምፒውተሩን አስነሥታ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። ፋኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ውጤቱ ወጣ። ሙሉ ድልድይ ነበር፣ ሁለት ዳርቻ ያለው።

ወልደሰማያት በቢሮው ማሽን ሲያሠራው ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ሁለቱ ውጤቶች ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። ደጋግሞ ካየ በኋላ እስክሪብቶውን አነሣ። ያስቆመችው ሰሊማ ራሷ ናት።

«ገና አይፈርሙ» አለችው። «በነፋስ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚያሳየውን ስሌት የእኔ ኮምፒውተር አልቻለውም። እሱን በእርስዎ እንሥራው።»

አብረው ተቀምጠው ሠሩት፤ ድልድዩ የነፋሱንም ፈተና አለፈ። ወልደሰማያት ከፈረመ በኋላ ወደ ቢሮው እንድትመለስ ጠየቃት። ልጆቿን ትታ እንደማትመጣ፣ ሥራ ካለ ግን ቤቷ ድረስ እንዲልክላት ነገረችው፤ ከኮምፒውተሯ አቅም በላይ የሆነውን ራሷ ይዛ ትመጣለች። እሱም ከመደርደሪያው የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ንድፍ አወጣና እንድታሰላው ሰጣት። ሰሊማ ተቀብላው ባጃጅ ልትይዝ ወጣች።