ሦስተኛው ታንከር

ሀሴት ያን ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ጋወኗን ስትለብስ አንድ ነገር ቆርጣ ነበር፤ አትዋሽም። እንዴት እንደማትዋሽ ግን ገና አላወቀችም።

ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከተከፈተ ጀምሮ ቀማሿ እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ ዘጠኝ የቡታጅራና የወልቂጤ ሆቴልና ምግብ ቤት ባለቤቶች በሚኒባስ መጥተዋል። ቀምሰው ከወደዱ ለበዓል ያዛሉ።

ችግሩ ሦስተኛው ታንከር ነበር። ክረምቱን ሙሉ ክዳኑ ላልቶ አየር ሲገባው ከርሞ፣ ውስጡ ያለው ቀይ ወይን አቸቶ ሆኗል። ሰላጣ ላይ ቢፈስ ማንም አይከፋውም፤ ወይን ነው ብሎ ለእንግዳ መቅዳት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ሀሴት ይህንኑ ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ለይድነቃቸው ብትሰጠው ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ መልሶ ወረወረው። እነዚህ ሰዎች ጠጅ እንጂ ወይን የት ያውቃሉ፣ መጎምዘዝ ባህሪው ነው ብለሽ ቅጂላቸው፣ እምቢ ካልሽ ሰኞ እንዳትመጪ አላት። ሀሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም ጠልታለች። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ሰውየውን ግን አንጀቷ ጠልቶታል።

ይድነቃቸው እንግዶቹን በየታንከሩ መካከል እያዞረ አስጎበኘ። ቀጥሎ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸውና የአቀማመሱን ሥርዓት አስተማረ። መጀመሪያ ማሽተት፣ ከዚያ አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ በመጨረሻ ባልዲው ውስጥ መትፋት። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቡታጅራ አርባ ዓመት ጠጅ ቤትና ምግብ ቤት የያዙት ወይዘሮ ዓለምዘውድ የቀረበላቸውን ባልዲ በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ሰው ቤት ገብተው የሰጧቸውን ተፍተው እንደማያውቁ፣ በዚህ ዕድሜያቸውም እንደማይጀምሩ ተናገሩ።

ሀሴት ከአንደኛው ታንከር የተቀዳውን ይዛ ስትቀርብ ደግሞ ብርጭቆአቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺልኝ፣ ልጄ» አሏት። «አሳላፊው ያልቀመሰውን እኔ አልጠጣም።»

ይድነቃቸው ሳቅ አለ። ሀሴት ግን አልሳቀችም። የአገሩ ወግ ነው፤ አባቷም እንግዳ ሲመጣ ጠጁን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለማንም ቀድተው አያውቁም። እሷም እንደዚያው አደረገች። ጥሩ ነበር፣ ጥሩ ነው አለች፣ ጠጡ። ሁለተኛውንም ቀመሰች፤ እሱንም ወደዱት። ወይዘሮ ዓለምዘውድ እንዲያውም ጉንጫቸው ቀልቶ ለምግብ ቤታቸው አሥር ካርቶን እንደሚወስዱ ተናገሩ።

ሦስተኛው ማንቆርቆሪያ ሲመጣ ይድነቃቸው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ፈጠን ብሎ ከእጇ ነጠቃትና ጊዜ እየሄደ ስለሆነ እኔው ልቅዳ አለ። የወይዘሮ ዓለምዘውድ መዳፍ ግን ከብርጭቆው ላይ አልተነሳም።

«ልጅቷ ትቅመስ» አሉ።

ማንቆርቆሪያው ተመልሶ ሀሴት እጅ ገባ። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጉሮሮዋን ፋቃት። ይድነቃቸው አፍጥጦ ያያታል። ሰኞ ማለቱ ነው፤ ገብቷታል።

«ይሄ አቸቶ ነው» አለች። «አይጠጣም።»

ይድነቃቸው ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ስለሰነበተ አፏ እንደማይለይ ለእንግዶቹ አስረዳ።

«ጉንፋን የለብኝም» አለች ሀሴት፤ ድምጿ እሷኑ አስገረማት። «እርስዎ ይቅመሱት።»

ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ቀድታ ሰጠችው። ዘጠኝ ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይበል። ጨለጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ቢሆንም ፈገግ አለ።

«ግሩም ነው» አለ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አርባ ዓመት እንግዳ ሲያስተናግዱ የኖሩበት ያ የልመና ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው በሞቴ» አሉት፤ «ድገም።»

ሀሴት አፍ እስከ ገደፉ ሞላችለት። ይድነቃቸው ብርጭቆውን አየው፣ እንግዶቹን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። እጁ ወደ ብርጭቆው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። በሞቴ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው በዚያ አገር ፊቱን ወዴት እንደሚያደርግ ይቸግረዋል፤ እሱም ጫማውን ማየት ጀመረ። የወልቂጤው ባለሆቴል ከማሉ፣ እስካሁን ለስላሳ ብቻ ይጠጣ የነበረው፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የትእዛዝ ወረቀቱን ሳይፈርም ቀስ ብሎ አጠፈና ኪሱ ከተተ።

ያኔ ሀሴት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። በእንግዶቹ መካከል አልፋ ሦስተኛው ታንከር ዘንድ ሄደችና የታችኛውን ቧንቧ በሁለት እጇ አዙራ ከፈተችው። ቀዩ አቸቶ አፍንጫ እየሰነፈጠ ወለሉ ላይ ወዳለው ቦይ ፈሰሰ። ይድነቃቸው ስሟን ጠራ፤ ሊይዛት ግን አልተነሳም።

«ሰኞ እመጣለሁ» አለችው፣ ቧንቧውን ሳትዘጋ። «ታንከሩ መታጠብ አለበት።»