ከአራተኛው ብሎክ የተረፈው

...እና ሦስተኛዋ ወረቀት የለችም ትለዋለች ፀሐፊዋ፣ ፋይሉን በመስኮቱ ቀዳዳ መልሳ እየገፋችለት፣ መታወቂያ አለ፣ የአመክሮ ደብዳቤ አለ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም፣ እሱም ቀና ብሎ ያያታል፣ ትቀልዳለች? አትቀልድም። እህቴ፣ ይላል ድምፁን እያለዘበ፣ ይሄ ሥልጠና ለማን ነው? ከማረሚያ ቤት ለወጡ። እኔስ ከየት ነው የወጣሁት? ከማረሚያ ቤት። ታዲያ ከወንጀል ነፃ ብሆን እዚያ ምን እሠራ ነበር፣ ለጉብኝት ነው የገባሁት? እኔ ቅጹ ያለውን ነው የምለው፣ ትላለች፣ ደግሞ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ኃላፊው ዘጠኝ ሰዓት ሲመጣ መዝገቡን ይዘጋል።

ቅጹ። አቤት ቅጹ። እግሩ እየጎተተው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ያ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ አንብቦ አንብቦ በቃሉ ይዞታል፣ ትምህርት ከስምንተኛ ቢያቋርጥም ማንበብ አላቋረጠም፣ የታራሚዎች ቁጥር በመቀነሱ አራተኛው ብሎክ ተዘግቷል፣ ከዚያ በተረፈው ገንዘብ፣ የወጡት ዳግም ወደ ጥፋት እንዳይመለሱ፣ የብየዳ ማሠልጠኛ ተከፍቷል፣ ይላል፣ ደስ ይላል፣ ወረቀት ላይ ማን ይሳሳታል። አራተኛው ብሎክ! ከበሩ ሦስተኛው አልጋ፣ ከታች፣ ከላይ መፍቻ የሚሉት ጓደኛው ነበር፣ በተገላበጠ ቁጥር የብረቱን ዝገት ፊቱ ላይ የሚያራግፍበት፣ እና የተረፈው ገንዘብ የማን ነው? የሱ ነው እንጂ፣ ያልበላው ራሽን፣ ያልተኛበት ፍራሽ፣ እሱን ለመጠበቅ ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ይኸው ከመስታወቱ ማዶ ስምንት የብየዳ ማሽን ሆኗል፣ ፕላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም፣ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። የራሴ ምሳ በመስታወት ያየኛል።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። መፍቻ ነው። አያነሳም። ምን እንደሚል ያውቀዋል፣ ትናንት ብሎታል፣ ጀለስ፣ ነገ አሥር ሰዓት፣ ቀላል ሥራ ናት፣ ባለቤቶቹ አገር ውስጥ የሉም፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ማፏጨት ነው፣ ማፏጨት ደግሞ ወንጀል አይደለም። ያኔም እንዲሁ ነበር ያለው። አፏጨ። ሦስት ዓመት ተቆለፈበት። አሁን ደግሞ ዋሱ ታላቅ እህቱ ናት፣ ፈርማለች፣ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው፣ ባሏ ጧት ጧት ጫማውን እያሰረ፣ ሥራ እንዴት ነው? ይለዋል፣ ሥራ እንደሌለ እያወቀ፣ እሷ ግን ምንም አትልም፣ እሱን የሚገድለው ይሄ ነው፣ አለማለቷ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር፣ አንተ ልጅ፣ አደራ እንዳታሳፍረኝ።

ፎርጅድ ላሠራ? ብቻውን ይስቃል፣ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት በወንጀል፣ መፍቻ ለሱም ሰው አያጣም፣ ከዚያ መያዝ ነዋ፣ ዳኛ ፊት፣ ምን አጥፍተህ ነው? ክቡር ፍርድ ቤት፣ ላለመታሰር ብዬ ታሰርኩ።

የበሩ ዘበኛ ያየዋል። ቆጠራ። አራተኛው ብሎክ ሳሉ ጧትና ማታ የሚቆጥራቸው እሱ ነበር፣ ስሙንም ያወጡለት እነሱው ናቸው፣ ብሎኩ ሲዘጋ ወደዚህ አዛወሩት፣ አሁን ማሽን ይቆጥራል። አንተ ቀጭኑ፣ ምን ያንቆራጥጥሃል? ወረቀት ጎድሎኝ ነው አባባ። የምን ወረቀት? ከወንጀል ነፃ። ሽማግሌው እስኪያስለው ይስቃል፣ እሱማ የኛ ቅጽ ነው ልጄ፣ ጠባቂ ሲቀጠር የሚሞላው፣ ርዕሱን ብቻ ለውጠው አባዝተውት ነው። እና አልነገርካቸውም? ማን ጠይቆኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተመዘገበው አንድ ሰው ነው፣ የኃላፊው የአክስት ልጅ፣ እሱም እስር ቤትን በፊልም ነው የሚያውቀው።

ደሙ ይፈላል፣ መስታወቱን በቡጢ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እጁ ተጨብጧል፣ ቆጠራ ያን እጅ ያያል፣ አይ፣ መስታወቱም ከራሽኔ የተገዛ ነው፣ ማን ይሙት የራሴን መስኮት ሰብሬ ልታሰር? ይመለሳል። እህቴ፣ ይሄ የዘበኛ ቅጽ ነው፣ ያቺን መስመር ተያትና የአመክሮ ደብዳቤዬን በቦታዋ አያይዥልኝ። ፀሐፊዋ ቅጹን ትገለብጣለች፣ ገና ዛሬ እንዳየችው ሁሉ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የደንብ ልብስ ቁጥር ይላል፣ የቆብ ልክ ይላል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እኔ መሰረዝ አልችልም፣ እሱ ነው የሚፈርመው፣ እስኪመጣ ትጠብቃለህ? ይፈርማል? አላውቅም ወንድሜ።

አላውቅም። እሺ። አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ ቢፈርም፣ ባይፈርምስ፣ ባይፈርም ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር አንድ ሰዓት አለ፣ በአንድ ሰዓት ስንት ሰው ሕይወቱን አበላሽቷል፣ ጉልበቱ አልቀመጥ ይለዋል፣ በእጁ ይጫነዋል። ቁጭ በል።

ስልኩ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና፣ በስተመጨረሻ ያነሳዋል። የት ነህ አንተ? ማሠልጠኛው። የምኑ? የብየዳው ነዋ፣ በብሎካችን ብር የተከፈተው። አሥር ሰዓት ብዬሃለሁ እኮ። አልመጣም። ለምን? ወረፋ ይዣለሁ። የምን ወረፋ፣ ስንት ሰው አለ ከፊትህ? ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ማንም የለም። መፍቻ ሊስቅ ነው ብሎ ስልኩን ከጆሮው ራቅ ያደርጋል፣ አይስቅም፣ ከወዲያ መኪና ያልፋል፣ ሰው ይጮኻል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዲያው፣ ይለዋል፣ ከኋላህ ያዝልኝ።