ጸሐፊ «ለ» ማን ነው?

ቨርና ሾልቲስ ምሳ ልጋብዝህ ካለች አንድ ነገር ሸቷታል ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አብረን ፊልም ስንጽፍ፣ እሷ ታይፑ ላይ ተቀምጣ እኔ ክፍሉ ውስጥ ስንጎራደድ፣ አንድም ቀን እንዲሁ በፍቅር ጋብዛኝ አታውቅም። ስለዚህ ስልኩን ዘግቼ ወደ ፌርፋክስ ሰፈር የነዳሁት «ደግሞ ምን አደረግሁ?» እያልኩ ነው።

የድሮው ምግብ ቤታችን ውስጥ ቀድማኝ ደርሳ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀችኝ። ሆሊዉድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረችው እንዲህ ተቀምጣ ነው። ሁለት ኦስካር መደርደሪያዋ ላይ አለ፤ ማሊቡ ላይ ባሕር የሚያይ ቤት አላት፤ ግን ስቱዲዮው «ጽሑፍሽን በጣም ወደድነው» ሲላት ወዲያው ጠበቃዋ ጋ ነው የምትደውለው። «እዚህ ከተማ ያመሰገነህ ሰው ሌላ ጸሐፊ ቀጥሮብሃል» ትላለች። ክፋቱ፣ ብዙውን ጊዜ ልክ ናት።

እኔና እሷ የተለያየነው ትዕይንቴን ሰረቅህ ብላኝ ነው። አልሰረቅሁም። ዛሬም ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

«ወፍረሃል» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አንቺም ደህና ነሽ።»

«ሥራ አለህ?»

«አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«ቨርና፣ እንጀራ ፍለጋ ነው። ያዘዝሽልኝን ሳንድዊች ልብላበት?»

የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክውጥ ጠበቀችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማኅበሩ ዳኛ አድርጎኛል።»

እኛ ዘንድ አንድ ፊልም በብዙ እጅ ሲያልፍ የማን ስም ይውጣ የሚል ጠብ ይነሳል። ያኔ የጸሐፊዎች ማኅበራችን ሦስት ነባር ጸሐፊዎችን ይመርጣል። ረቂቆቹን ሁሉ የጸሐፊዎቹን ስም አጥፍቶ ይልክላቸዋል፤ የመጀመሪያው ሰው ጸሐፊ «ሀ»፣ ከኋላ የመጣው ጸሐፊ «ለ» ይባላል። ዳኛው የማንን እንደሚያነብ አያውቅም፣ ለማንም ትንፍሽ ማለትም ክልክል ነው። ስም ደግሞ ለኛ ቀልድ አይደለም። ስምህ መጋረጃው ላይ ካልወጣ ፊልሙን አልጻፍከውም፤ ቀጣዩም ሥራ ወደ አንተ አይመጣም።

«ይህንን ለኔ መንገር አልነበረብሽም» አልኳት።

«ሌላ ሰው ቢሆን አልነግረውም ነበር። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ‹ለ› አንተ ነህ።»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ውሃ ጠጣሁ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ሰው ሲያንቀውም ቢሆን ትወና ነው ብላ የምትጠረጥር ሴት ናት።

«ትዕይንት የሚጀምርበት ቦታ የኔ ነው፣ የሚቆርጥበት ቦታ የኔ ነው። ገጹን ስገልጥ የራሴ ቤት ነው የሚሸተኝ» አለች። «በኔ ማእድ ቤት ውስጥ የከረመ ሌላ ማን አለ? አንተ ብቻ። ሌሎቹ ሁለት ዳኞች ተለያይተዋል፤ ነገ ጠዋት ውሳኔዬን እልካለሁ፤ የ‹ለ› ስም አይወጣም። ፊት ለፊት ልንገርህ ብዬ ነው። እንዳንተ ከኋላ አልወጋም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም። የዳኞቹን ስም ለሚከራከሩት ጸሐፊዎች ቀድመው እንደሚያሳዩ ታውቂያለሽ፤ ያልፈለጉትን ይሰርዛሉ። እኔ ‹ለ› ብሆን ማንን ነው ቀድሜ የምሰርዘው?»

«እኔን።»

«ታዲያስ?»

«እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። አለመሰረዝህ ነው ይበልጥ ያጠራጠረኝ።»

ከዚህች ጋር ምን ይባላል? ተነስቼ ልሄድ ወንበሬን ገፋሁና ለወጉ ያህል «ለመሆኑ ፊልሙ ስለ ምንድነው?» አልኳት።

«አታውቅም? ሞኝህን ፈልግ። ሎንግ ቢች ወደብ ላይ መርከበኛ ባሏን የምትጠብቅ ሴት።»

ወንበሬን መልሼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ክረምት ጁን፣ የቨርና አንድያ ልጅ፣ ቤቴ መጥታ ነበር። አንድ ስቱዲዮ የሰው ረቂቅ እንድታስተካክል ቀጥሯት፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ነበር። የሎንግ ቢች መርከበኛ ሚስት ታሪክ ነው። በአባቷ ስም ነው የምትሠራው፤ የቨርና ልጅ መሆኗን ስቱዲዮ ውስጥ የሚያውቅ የለም። «እናቴ እንዳትሰማ፣ ሃል» አለችኝ። «ከሰማች ማን እንዳስገባኝ ካላወቅሁ ብላ መርማሪ ትቀጥራለች። ወይም ከኔ ሰረቅሽ ትለኛለች። ስሜ ሲወጣ እጇን ይዤ ወስጄ አሳያታለሁ።» ቃሌን ሰጠኋት።

አሁን እናቷ ፊቴ ተቀምጣ የልጇን ስም ልትፍቅ እርሳሷን ቀርጻለች። ብናገር ቃሌን በላሁ። ዝም ብል ነገ ጠዋት ልጅቷ አለቀላት። እኔ አይደለሁም ብዬ ብምል ደግሞ ቨርና የማንንም መሐላ አምና አታውቅም።

«እዚህ ረቂቅ ላይ ሰረቅህ የምትይኝን ትዕይንት ንገሪኝ» አልኳት።

«አንተው ጽፈኸው?»

«ንገሪኝ አልኩሽ እኮ።»

በቃሏ ወረደችው፤ አይረሳትም። ሴቲቱ ባሏ እንደማይመለስ ለልጇ ትነግረዋለች። ልጁን አታየውም። ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ እያጠበች ነው የምትናገረው። ተናግራ ስትጨርስ መልሳ ታጥበዋለች።

«ብርጭቆው ቆሽሿል?»

«የለም፣ ንጹሕ ነው። ልጁም ንጹሕ መሆኑን ያያል። ትዕይንቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ጥሩ ነው፣ ውሻ። ጥሩ አድርገህ ነው የሰረቅኸው።»

«ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«የቱን ቀን?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባልሽ የሄደበትን።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ምግብ ክፍል። ታይፑ ጋ።»

«ከዚያ ሆኜ ምን ይታየኛል?»

«ምንም። መሐል ላይ ግድግዳ አለ።»

«ውሃ ሲወርድ ሰምቻለሁ። ሌላ ምንም አላየሁም። ብርጭቆው ንጹሕ ነበር ብለሽ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«እኔ ካላየሁ፣ አንቺ ካልተናገርሽ፣ ማን አየው?»

ያን ቀን ጁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጥሏቸው መሄዱን ስትሰማ ከእናቷ ክርን አጠገብ፣ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ፣ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ቨርና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስም አልጠራሁም፤ እሷም አልጠራችም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ሰረቅሽ ትለኛለች ብላ ፈርታ።»

«ብያለሁ እኮ» አለች። «ብያለሁ፣ ሃል።»

ተነስታ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ስልክ ሄደች። ስትመለስ ሻይዋ ቀዝቅዟል። ከዳኝነቱ ወጥታለች፤ ጸሐፊዋን አውቃታለሁ ብላ ለማኅበሩ ተናግራለች፤ በሷ ቦታ ሌላ ሰው ይተካሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሷም እኔም ቁጭ ብለን ከመጠበቅ በቀር ምንም አልነበረንም። ለሂሳቡ ኪሴን ስዳብስ እጄን መታችው። «ጋባዧ እኔ ነኝ» አለችኝ፤ በሷ ቋንቋ ይቅርታ ማለት ነው።

በጸደዩ ፊልሙ ወጣ። ጁን እናቷን የት እንደምትወስዳት ሳትነግራት በክንዷ ይዛ አመጣቻት፤ እኔም ተጠርቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ። የጸሐፊ «ሀ» ስም ወጣ፣ ቀጥሎም የጁን። ቨርና «እንዴ!» አለች፤ ትወናው እንዲህ የወረደ ሰው አይቼ አላውቅም። ጁን ግን አመነቻት፤ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

የብርጭቆው ትዕይንት ሲደርስ ቨርና እጄን ፈልጋ ያዘች። ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለች።

«የዳኞቹ ዝርዝር ላይ ስሜን አይታው ነበር አይደል? ለምን አልሰረዘችኝም?»

ልጅቷን ራሷን ልትጠይቃት እንደማትችል ገባኝ። ዳኛ የነበረ ሰው እስኪሞት አይናገርም።

«አምናሽ ይሆናል» አልኳት።

እጄን ለቀቀችኝ። ፊልሙ እስኪያልቅ መጋረጃውን አላየችም፤ በጨለማው ውስጥ የልጇን ፊት ስታይ ነበር።