አምስተኛው ዲያቆን

ኅዳር ላይ ማኅደረማርያም ሊያነጋግረኝ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ስለው እምቢ ሲል ነገሩ ገባኝ።

«የኔታ፣ መሸኛ ፈልጌ ነው።»

መሸኛ አንድ አገልጋይ ደብሩን ሲለቅ የሚሰጠው፣ በማኅተም የሚጸና ደብዳቤ ነው። እኔ ቄስ ወልደሩፋኤል፣ ከጎረቤላ ወዲያ ያለችው የአፋፉ ዑራኤል አስተዳዳሪ፣ በሃያ ስምንት ዓመት አሥራ አንድ መሸኛ ጽፌያለሁ። አንዱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባ፤ ሁለቱ አዲስ አበባ ተቀጠሩ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። ማንንም አልረግምም፤ የአፋፉ ገብስ ቤተሰብ እንደማያኖር አውቃለሁ። ግን ደክሞኛል።

ቅዳሴ ከአምስት አገልጋይ ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። እኛ ዘንድ እኔ አለሁ፤ ጉልበታቸው የከዳቸው ቄስ ገብረ ሕይወት አሉ፤ ዲያቆን ባየውና ዲያቆን ቃለ አብ አሉ። አምስተኛው ማኅደረማርያም ነው። ድምፁ ገደሉን ወርዶ አልዩ አምባ መንገድ ላይ ይሰማል ይባላል። እንዲህ እያልኩ የማስወራው እኔው ነኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጀርመን። ኤልሮኢ ያለችበት።»

ኤልሮኢ ልጄ ናት፤ እዚያ አረጋውያን ትንከባከባለች። የገዛ ልጄ ዲያቆኔን ልትወስድብኝ! በገንኩ። ቄስ ነኝና አልጮኽኩም፤ ዋሸሁ።

«ማኅተሙ ጠፍቷል» አልኩት።

ማኅተሙ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ኤልሮኢ ደወለች።

«አባባ፣ ምነው ልጁን አጉላሉት?»

«አገሩ የክርስቲያን አገር አይደለም እንዴ? ምነው ዲያቆን አጣችሁ?»

«ነበር፤ ልጆቻቸው መምጣት ተዉ እንጂ። ይኼ ቤተ ክርስቲያን ስድስት መቶ ሰው ይይዛል፤ እሁድ እሁድ የሚመጡት ግን አምስት አሮጊቶች ናቸው። ሊዘጋ ሲል ለእኛ ሰጡን። በጠዋት እኛ ሦስት መቶ ሆነን እንገባለን፤ ከሰዓት ጋናዎቹ ይዘምሩበታል። ሰው ሞልቶናል አባባ። ለቅዳሴ የጎደለን አንድ ዲያቆን ነው።»

«አምስት ካሉማ ምን ሆንን ብለው ይዘጋሉ?» አልኳት። «አምስት ይበቃል እኮ!»

ሳቀች። «አባባ፣ አገልጋዮቹን አይደለም። ምእመኑ ነው አምስት።»

እኔ አልሳቅሁም። የእነሱ ቤት ሰው አጥቶ ሊዘጋ፤ የእኔ ምእመን ከቤተ ክርስቲያኑ ተርፎ ግቢው ውስጥ ጥዱ ሥር ይቆማል፣ ግን የሚቀድስለት ሊያጣ። የትኛው እንደሚብስ እግዜር ይወቀው።

እሁድ ገብተን ቀደስን። ማኅተሙን ሰው እንዳያገኘው ፈርቼ ለቅዳሴም ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ባጎነበስኩ ቁጥር ደረቴን ይወጋኛል። እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ከሚባለው ደረስን። ይህን የሚያውጀው ዲያቆኑ ነው፤ ማኅደረማርያም አወጀ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ እየዞረ እጅ ተነሣሣ። እኔ ወደ ማን ልዙር? የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ ወደ ቁርባን አይቅረብ ብዬ ይህንን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንደወጣን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠርቼው ጨርቁን ፈታሁ።

«አልጠፋም ነበር» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «አውቄያለሁ የኔታ። ጠፋ ካሉኝ በኋላ ማክሰኞ የክርስትና ምስክር ወረቀት ላይ ሲመቱበት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ብናገር እንቀያየማለን፤ ቅዳሴው ይታጎላል ብዬ።»

አሥራ ሁለተኛውን መሸኛ እዚያው ቆሜ ጻፍኩ።

የቪዛው ነገር ወራት ፈጀ፤ ማኅደረማርያም ሰኔ ላይ ሄደ። የመጀመሪያውን እሁድ ከጎረቤት ደብር ዲያቆን ተበድረን አለፍን። በሁለተኛው እሁድ የሚያበድረን ጠፋ። እንደ ልማዳችን ደወሉን ደወልን፤ ሕዝቡ በጉም ውስጥ እየተዳበሰ መጣ። የጠዋቱን ጸሎት ኪዳንን ብቻ አደረስንና አለቀ። ሁልጊዜ ምሰሶው ሥር የሚቆሙት እማማ እናናየሁ ጠጋ ብለው፣ «ቅዳሴውስ?» አሉኝ።

«አምስት አልሞላንም፣ እማማ።»

የገባቸው አልመሰለኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እሳቸው መጋረጃው እስኪከፈት እየጠበቁ ቆመዋል። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ ስልኬ የጮኸው እዚያው እንደተቀመጥኩ ነው።

«አባባ፣ ቀደስን! ዛሬ ሞላን!» ኤልሮኢ ታለቅሳለች። «የማኅደረማርያምን ድምፅ ቢሰሙት!»

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ከፋኝም፤ እሱም እውነት ነው።

«እነዚያ አሮጊቶችስ?»

«መጥተው ነበር። ከኋላ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አራት ሆነዋል፤ አንዷ ባለፈው ወር አረፉ።»

ቀና አልኩ። ዲያቆን ባየው እማማ እናናየሁን ደግፎ ሲያወጣ፣ ቃለ አብ ቁልፉን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ቄስ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«እኛም አራት ነን» አልኳት።