የኢልያስ በረካ

"ጣይው አልኩሽ እኮ!" አለ ኢልያስ፣ የኪኒኑን ፓኬት በሚስቱ መዳፍ ላይ አስቀምጦ። "እዚህ ቤት የገባ ሰው ከእንግዲህ ኪኒን አያስፈልገውም።"

ሳሊማ አልጣለችውም። የወባ መድኃኒት ነው፤ ገና ብዙ ፍሬ ይቀረዋል። ዐዋጢፍ የምትባል የገጠር ሴት ለልጇ ከጤና ጣቢያ ተቀብላው፣ የኢልያስን ወሬ ስትሰማ ልጇን አዝላ በእግሯ ወደዚህ ገሰገሰች። ሕፃኑ በጀርባዋ ላይ አንገቱን ጥሏል። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ግቢውን ሞልቶ ከበሩ ውጭ ተርፏል።

ኢልያስ አሶሳ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ማንጎ እየገዛ ለአይሱዙ ሾፌሮች የሚያስረክብ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ድንገት እንቅልፍ ጠላ። ሌሊቱን ሲያነበንብ ያድርና ጠዋት ድካም የሚባል ነገር ሳይነካው ይነሳል። አንዱን ወሬ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። የገዛውን ማንጎ ለመንገደኛ አደለው፤ ፍየሎቹንም "ለአላህ ብዬ" እያለ በትኖ ሳሊማን ባዶ ጋጣ አስታቀፋት። በመጨረሻ በልጅነቱ ቁርኣን የተማረበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሑን፣ አውርዶ፣ የቁርኣን አንቀጽ እየጻፈ፣ ቀለሙን በውሃ እያጠበ በሽተኛ ማጠጣት ያዘ።

እናቱ ዓዲላ እልል አሉ። አባታቸው በዚህ ሕክምና የታወቁ የሃይማኖት ሰው፣ ፈቂ፣ ነበሩና "በረካው እኔን ዘሎ ልጄ ላይ አረፈ" ብለው ለሰፈሩ ነገሩ። ደጉ ሽማግሌ ውሃውን አጠጥተው ሲያበቁ "ሐኪም ቤትም ሂዱ" ይሉ እንደነበር ማን ያስታውስ! ሰው የሚያስታውሰው የሚጥመውን ነው።

ሳሊማ መውጫ አጣች። ታሟል ብትል በረካን የሰደበች፣ የአማቷን ዘር ያዋረደች ልትሆን ነው። ዝም እንዳትል ደግሞ ያለፈውን ታውቃለች። ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲሁ እንቅልፍ አጥቶ ከከረመ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። "ብሞት ይሻለኛል" ይላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቦኖ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤቷ ለየሺሀረግ አወራቻት። የሺሀረግ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት።

"አንቺዬ፣ የኔ ወንድምስ ልክ እንዲህ አልነበር?" አለቻት። "አንድ ሰሞን አገር ምድሩ ይጠበዋል፤ አንድ ሰሞን ከመደብ አይነሳም። ከጠበል ጠበል ስናንከራትተው ኖርን። ኋላ ሆስፒታል ስንወስደው ሁለቱም አንድ በሽታ ነው አሉን።"

"ደስታም በሽታ ነው እንዴ?"

"ምኑ ደስታ ነው እቴ! እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ደስታ አለው? ይኸው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየዋጠ ባምባሲ መሬቱን ያርሳል። ውሰጅው፣ ያ መተኛቱ ተመልሶ ሳይመጣ።"

ሳሊማ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ሰዎች ባልሽ ሸህ ሆነች ይላሉ። እኔን ማን ይሰማል?" ብላ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

አሁን ግን ፓኬቱ በእጇ ነው፤ ሰዉም ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል። ወደ ዐዋጢፍ ተጠግታ መድኃኒቱን መለሰችላት።

"አታቋርጪበት። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ መልሺው፤ ልጁ ደክሟል" አለቻት በበርታኛ።

ኢልያስ ብድግ አለ። "በገዛ ቤቴ፣ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?" ዓይኑ ደም መስሏል።

ሳሊማ ፈራች፤ ግን አልሸሸችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኢልያስ፣ መቼ ነው የተኛኸው?" አለችው።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። አሰበ፤ አሰበና አጣው። ሰልፉን በቆረጣ አይቶ ጠጋ አላት።

"ጭንቅላቴ አያርፍም፣ ሳሊማ። ልተኛ ስል ይሮጥብኛል። ግን ይህን ሁሉ ሰው ምን ልበለው?"

ለካ እሱም መውጫ አጥቶ ኖሯል!

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለችውና ወደ ሰዉ ዞረች። "ወደየቤታችሁ ሂዱ። ባሌ ታሟል። ሐኪም ቤት ልወስደው ነው።"

"አፍሽን ያዢ!" ዓዲላ ከልጃቸው ጀርባ ከተቀመጡበት ተነሱ። "የአባቴን ስም ጭቃ ቀብተሽ በዚህ ቤት ልትኖሪ ነው?"

ሳሊማ ከበሩ ውጭ ያሉትም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ ያንኑ ደገመችው። ከዚያ የኢልያስን ጫማ አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።