አረጋሽ ያልጻፈችው መስመር

አረጋሽ ጂንካ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው፤ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ስለዚህ ኮምፒውተር ቁጥሮችን እንዴት በቅደም ተከተል እንደሚደረድር ለማስተማር ሃምሳ ስምንቱንም ተማሪዎች ሜዳ አወጣቻቸው። ጎን ለጎን የቆሙት ቁመት እየተለካኩ፣ ረጅሙ ወደ ቀኝ እያለፈ፣ ሰልፉ ከአጭር ወደ ረጅም ተስተካከለ። ልጆቹ እየሳቁ ገባቸው።

ይህንኑ ለመምህራንና ለተማሪዎች በኢንተርኔት ለሚወጣ አንድ የኮምፒውተር መጽሔት በእጇ ጻፈች። ላፕቶፕ ያለው የአማርኛ መምህሩ ዘሩባቤል ነበርና ታይፕ አድርጎ ላከላት።

ከወር በኋላ ጽሑፉ ወጣ። በስልኳ ስታነበው ስሟ አለ፣ ሜዳው አለ፣ ሰልፉም አለ። መጨረሻው ላይ ግን «ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ ወደየኮምፒውተሩ ተመልሶ የተማረውን ይሞክራል» ይላል። ደግማ አነበበችው። ደክሟት ሳለ እንዲህ ብላ ጽፋ ይሆን? ረቂቁን ከቦርሳዋ አውጥታ አየች፤ የለም። ግራ ገባት።

በማግስቱ ጽሑፉን ያነበበች ዳጊ የምትባል ተማሪዋ፣ አረጋሽ ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ ጠየቀቻት።

«ቲቸር፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ያለው የቱ ክፍል ነው? እኛስ መቼ ነው የምንገባው?»

ልጅቱ የምሯን ነበር። አረጋሽ አጣርቼ እነግርሻለሁ ብላ ሸኘቻት፤ ምኑን እንደምታጣራ ግን ለራሷም አልገባት።

ዘሩባቤልን ቤተ መጻሕፍት አግኝታ መስመሩን እሱ ጨምሮት እንደሆነ ጠየቀችው። አልካደም።

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አላት።

«በምኑ ነው የማፍረው?»

እሷ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያሳፍር ነገር ያለባት መስሏት አያውቅም ነበር። ልትቆጣው አሰበች። ለእሷ ብሎ ያደረገውን ሰው እንዴት ትቆጣዋለች? እንዴትስ ታመሰግነዋለች?

ያን ዕለት ለመጽሔቱ አዘጋጅ እውነቱን ጻፈች። ዘሩባቤልም ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ከሥሩ ስሙን ጨመረ። ለዳጊም እንዲያ ያለ ክፍል እንደሌለ አረጋሽ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ነገረቻት፤ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

እርማቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ መምህር ቁመታቸው እኩል የሆነ ልጆች ሲገጥሙ ምን ይደረጋል ይላል፤ ለእሱ አንድ ገጽ ሙሉ መለሰችለት። እርማቱን ያላየው ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሮቹን ከየት አገኛችሁ፣ ለእኛም ንገሩን ብሎ ይለምናል። ለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ እየጻፈች ስታጠፋ ሰነበተች፤ በመጨረሻ እኛም የለንም ብላ ላከችለት።

ከዘሩባቤል ጋር በእረፍት ሰዓት ሻይ መጠጣታቸውን አልተዉም። ይቅር ትበለው አትበለው ግን እስከ ዛሬ በውል አታውቀውም።